ግላስ ለካሜራውም?

ነቀምቴ ውስጥ ስልክ የገዛ ሰው ከስልኩ ጋር ሁለት ነገር አብሮ ይገዛል፤ ካቨርና ግላስ። ይሄ የቆየ ልማድ ነው። አሁን አሁን ግን ሦስተኛ ተጨምሯል። ሞባይል ቤት ገብታችሁ፣ የስክሪኑ ግላስ ተለጥፎ፣ አረፋው በካርድ እየተገፋ ወጥቶ፣ "በቃ አለቀ" ብላችሁ ሂሳብ ልትከፍሉ ስትሉ ልጁ ስልኩን ይገለብጥና ጀርባውን አየት አድርጎ "ለካሜራውስ?" ይላል። "ለካሜራው ይቅርብኝ" የሚል ጀግና እስካሁን አልገጠመንም። እንዴትስ ይገጥመናል? ስልኩ የተገዛው በስንት ወር ደመወዝ ነው፤ ካሜራው ደግሞ የስልኩ ዓይን ነው። የስንት ወር ደመወዙን ዓይን ባዶውን ትቶ የሚሄድ ማን አለ?

ጊምቢ ብትሄዱም፣ ነጆ ብትሄዱም፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎ ብትሄዱም ጥያቄው ያው ነው። ዓይነቱ ብቻ ይለያያል። አንደኛው ለእያንዳንዱ ሌንስ ለብቻው የሚለጠፍ ትንንሽ ቀለበት ነው። ሁለተኛው የካሜራውን ጉብታ በሙሉ፣ ፍላሹን ጨምሮ፣ የሚሸፍን አንድ ወጥ መስታወት ነው። ሦስተኛው ቀለበት ሆኖ ዙሪያውን በሚያብለጨልጭ ድንጋይ የታጀበ ነው (እውነት እንነጋገር ከተባለ እኛ ሴቶቹ ዓይናችን የሚያርፈው እዚህኛው ላይ ነው)። ዋጋውም ከስልኩ ዋጋ አጠገብ ቆሞ ሲታይ ዋጋ አይባልም።

እንግዲህ እኛ ሦስት ነን። ሦስታችንም ጋዜጠኝነት ተምረን ተመርቀናል፤ ሦስታችንም ካሜራ የለንም። ተማሪ እያለን አንዱን ካሜራ ለስንት ተካፍለን ነው የወጣነው፤ ከተመረቅን በኋላ ደግሞ ያነሳነው ፎቶ ሁሉ በስልክ ነው። ስለዚህ "የስልክ ካሜራ ግላስ" የሚባል ነገር ለእኛ የቁንጅና ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም ጉዳዩን ተቀምጠን እንድናየው ያደረገን ሥራ ሳይሆን ለቅሶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዷ አያት አረፉ። ቤተሰቡ ሁሉ "አኮ" ነበር የሚላቸው (ወለጋ ያላደጋችሁ፣ አኮ ማለት አያት ናት)። መቼም እንደምታውቁት ዛሬ ለቅሶ ቤት ድንኳን ከተተከለ በኋላ መጀመሪያ የሚታሰበው ነገር ፎቶ ነው። ፎቶው ተለቅ ተደርጎ ታትሞ፣ በፍሬም ሆኖ፣ አበባ ከጎኑ ተደርጎ መቀመጥ አለበት። አኮ ደግሞ በሕይወታቸው ፎቶ ቤት የገቡት ለመታወቂያ ብቻ ነው። ቢሆንም ማንም አልተጨነቀም፤ የልጅ ልጆቹ ስልክ ሁሉ በአኮ ፎቶ የተሞላ ነበርና። የመስቀል፣ የገና፣ የሠርግ፣ የምርቃት፤ ከመቶ በላይ ፎቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሰበሰበ።

ከተሰበሰበው ውስጥ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ የመረጠው አንዱን ነው። አኮ ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ እየሳቁ። ስልክ ላይ ሲታይ በጣም ደስ ይላል። ማተሚያ ቤት ተወሰደ። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው፣ አሰፋው፣ ከዚያ ዝም አለ። እኛም አየነው። ፊታቸው ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር አለ፤ ጥቁሩ ፀጉራቸው ግራጫ ሆኗል (አኮ ፀጉራቸው ሳይሸብት ነው ያረፉት፤ ይሄ ደግሞ መኩሪያቸው ነበር)፤ ከበስተኋላ ያለው አምፖል ጨረሩ ተዘርግቶ ግንባራቸው ድረስ ደርሷል። "ምን ይሻላል ታዲያ?" ተባለ። "ጥቁሩን ላጠቁረው እችላለሁ፤ የጠፋውን ግን ከየት አመጣዋለሁ?" አለ ልጁ። ሁለተኛው ምርጫ መጣ፤ ያው። ሦስተኛው፤ ያው። የልጅ ልጆቹ ስልክ ጥሩ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ግን ከኋላ ግላስ ለብሷል።

በመጨረሻ የተገኘው ፎቶ የባጃጅ ሹፌሩ የልጅ ልጅ ስልክ ላይ ነበር። ስልኩ አሮጌ፣ ካሜራው ከሁሉም ያነሰ፣ ጀርባው ላይ ምንም ያልተለጠፈበት። አኮ በር ላይ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ቡና እየለቀሙ ነው። ሲታተም የዓይናቸው ዙሪያ እጥፋት አንድ በአንድ ይታያል። ድንኳኑ ውስጥ የቆመው እሱ ነው።

ከለቅሶው በኋላ እኛ ያደረግነው ጋዜጠኞች ሊያደርጉት የሚገባውን ነው፤ ሞከርነው። ፍላሹን ጨምሮ በአንድ ወጥ ግላስ የተሸፈነ ስልክ ወሰድን። መጀመሪያ ከነግላሱ አነሳን፤ ከዚያ ነቅለን፣ ሌንሱን ጠርገን፣ እዚያው ቦታ ቆመን ደግመን አነሳን። ቀን ገበያ ውስጥ፣ ፀሐይ ከኋላችን ሆና፤ ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ከጥላ ወደ ብርሃን፤ ማታ ዋናው መንገድ ላይ፤ ቤት ውስጥ መብራት ጠፍቶ፣ በፍላሽ።

የገበያውን ፎቶዎች ልዩነት ለማግኘት ስልኩን ዓይናችን ውስጥ ልናስገባው ምንም አልቀረን። የለም። ይሄን ሳንደብቅ መናገር አለብን፤ ምክንያቱም ግላስ የሚሸጠውም የሚገዛውም "ኧረ ምንም አያደርግም!" የሚለው ቀን በጠራ ፀሐይ ሱቁ በር ላይ ሞክሮት ነው። ልክ ነው፤ እዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ ምንም አያደርግም። ቤተ መንግሥቱ ግቢ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጥላ ውስጥ ቆመን ወደ ብርሃኑ ስናነሳ፣ ከነግላሱ የተነሳው ላይ የእንጨቱ ጥቁረት ወደ ወተትነት አድልቷል፤ በባዶው ሌንስ ግን እንጨቱ ጥቁር ነው፣ ቅርጹም ይለያል። ማታ መንገድ ላይ የነበረው ደግሞ አስቂኝ ነው። አራት የመንገድ መብራት አንስተን ስምንት አገኘን። አራቱ ቦታቸው ላይ፣ አራቱ ሰማይ ላይ፣ አረንጓዴ ሆነው፣ ተገልብጠው። በባዶው ሌንስም ሁለት ደብዘዝ ያሉ ቀርተዋል (ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የግላሱ ብቻ ነው አንልም)። የፍላሹን ግን አታንሱት። ከነግላሱ የተነሳው፣ ጢስ በሞላበት ማዕድ ቤት ውስጥ የተነሳ ነው የሚመስለው። የአኮን ፎቶ ጉም ያገኘነው እዚህ ነው።

ለምን? መስታወት ግልጽ ነው ስንል ብርሃን ሁሉ ያልፍበታል ማለት አይደለም። ተራ መስታወት፣ አየር በሚነካው ፊቱ ላይ፣ ከመጣው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። አንድ መስታወት ሁለት ፊት ስላለው 8 በመቶ ገደማ ይመለሳል ማለት ነው። ማታ ቤት ውስጥ መብራት አብርታችሁ በመስኮት ወደ ውጭ ስታዩ የራሳችሁን ፊት የምታዩት በዚህችው ትንሽ ነጸብራቅ ነው። የካሜራ ሠሪዎች ይሄን ጠላት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ የተባለ የዛይስ ኩባንያ ሳይንቲስት መስታወትን እጅግ በጣም ስስ በሆነ ነገር ቀብቶ ነጸብራቁን የሚያሳንስበትን ዘዴ አገኘ። ዛሬ ጥሩ ቅብ ያለው መስታወት የሚመልሰው ብርሃን ከ1 በመቶ በታች ነው። በስልካችሁ ካሜራ ውስጥ ተደራርበው ያሉት ጥቃቅን ሌንሶችም የዚህ ዘዴ ተጠቃሚዎች ናቸው። በእነሱ ላይ መጥቶ የሚለጠፈው ርካሽ ግላስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራ መስታወት፣ አንዳንዴም ፕላስቲክ ነው።

ልብ በሉ፣ ችግሩ 8 በመቶ ብርሃን መቀነሱ አይደለም። እሷን ስልኩ ራሱ ያካክሳታል፤ ማንም አያውቅም። ችግሩ የተመለሰው ብርሃን ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። የመንገዱ መብራት ብርሃን ግላሱን አልፎ፣ ሌንሱን አልፎ፣ ሴንሰሩ ጋ ይደርሳል። ከዚያ ጥቂቱ ነጥሮ ወደ መጣበት ሊወጣ ሲል ግላሱ በር ላይ ቆሞ "ወዴት ነው?" ይለዋል። መልሶ ያስገባዋል። ተመልሶ ሲገባ ታዲያ የሚያርፈው በፊት በነበረበት ቦታ አይደለም። ሰማይ ላይ ያየናቸው አረንጓዴ መብራቶች እነዚህ ናቸው። ፍላሹ ላይ ደግሞ የባሰው አለ። ግላሱ ፍላሹንና ሌንሱን በአንድ ላይ ከሸፈነ፣ የፍላሹ ብርሃን ከፊሉ ወደ ሰው ፊት ሳይሄድ በመስታወቱ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ሻል ያሉት ግላሶች የፍላሹ ቦታ ላይ ቀዳዳ ወይም ጥቁር ቀለበት የሚኖራቸው ለዚህ ነው። ያንን ቀለበት ጌጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ይሄ ሁሉ የአዲስ ነገር ጭቅጭቅ አይደለም። በፊልም ካሜራ ዘመን ፎቶ አንሺዎች ሌንሳቸው ፊት ዩቪ ፊልተር የሚባል መስታወት "ለጥበቃ" ይጠልፉ ነበር፤ "ሺህ የወጣበት ሌንስ ፊት ርካሽ መስታወት አትደንቅር" የሚሉም ነበሩ። ጭቅጭቁ እስካሁን አላለቀም። የእነሱ ግን በጣት ዞሮ ይወልቃል፤ ማታ ሲሆን አውልቀው ኪሳቸው ይከቱታል። የእኛ በሙጫ ነው።

ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። ወለጋ ውስጥ ግላስ ያለበት ካሜራ በጣም የሚፈተንበት ቀን የቱ ነው ብትሉን ያለጥርጥር መስከረም 16 ነው እንላለን። አንደኛ፣ ደመራ አለ። ጨለማ፣ መሐሉ ላይ እሳት፤ ለነጸብራቅ ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም። የነበልባሉ ግልባጭ የሰው ፊት ላይ ያርፋል። ሁለተኛ፣ የመስቀል ሰሞን አንጮቴ አለ፤ አንጮቴ ካለ ቅቤ አለ። ቅቤ ከጣት ወደ ስልክ ለመሄድ ማንንም አያስፈቅድም። ስልኮች ብዙዎቹ ፋብሪካ ላይ ቅባት በቀላሉ እንዲለቅ የሚያደርግ ሽፋን ይደረግላቸዋል፤ ርካሹ ግላስ ላይ ግን ቅባቱ ይሰራጫል እንጂ አይለቅም። በጣት ብትጠርጉት ከጠብታ ወደ ጭረት ይለወጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሻማና አምፖል የጠረጋችሁበትን አቅጣጫ በሚያቋርጥ መስመር ረጅም ጨረር ያወጣል። እንዲያውም ስለ ግላስ ከመጨቃጨቃችን በፊት ግማሹ የፎቶ ችግራችን በንጹሕ ጨርቅ የሚፈታ መሆኑን መናገር ነበረብን። ተናገርን።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የተጓዘ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ቀዝቃዛ ናት፤ መንገዱ ግን ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ እዚያ ሙቀትና እርጥበት ይጠብቃችኋል። ክረምት ላይ ከቦርሳ የወጣ ቀዝቃዛ ስልክ ያንን አየር ሲያገኝ ላብ ያልበዋል። ባዶ ሌንስ ከሆነ በነጠላ ጫፍ ጠርጋችሁ ድልድዩን ታነሳላችሁ። ግላስ ካለው ግን እርጥበቱ በግላሱና በሌንሱ መሐል ባለችው ክፍተት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ እዚያ ጨርቅ አይደርስም። አቧራውም እንደዚሁ። በጋ ላይ የገባው ቀይ አቧራ እስከ ክረምት እዚያው ነው፤ በየፎቶው ላይ እየታየ፣ ማንም ሊነካው ሳይችል።

በጋ ሲባል ቡና ትዝ አለን። የወለጋ ቡና በውጭ ገበያ "ለቀምት" በሚል ስም ነው የሚታወቀው፤ አብዛኛውም በፀሐይ የሚደርቅ ነው። የምናውቀው አንድ ነጋዴ የአልጋ ላይ ቡናውን በስልክ እያነሳ አዲስ አበባ ላለ ሰው በቴሌግራም ይልካል። ፎቶ ጥቁሩ ሲነጣ ቀይም አብሮ ይፈዛል። አዲስ አበባ ያለው ሰው የሚያየው ቀይ ፍሬ ሳይሆን ሮዝ ፍሬ ነው፤ "ጋሼ፣ ይሄ በደንብ የበሰለ ነው?" ይላል። ነጋዴው መልሶ መማል ይጀምራል። በመሐላ ከመሟገት አንድ መስታወት መንቀል እንደሚቀል ነግረነዋል፤ አላመነንም። እሱ የሚያምነው ስልኩን የሸጠለትን ልጅ ነው።

እና ልጁ ይዋሻል? አይዋሽም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ የሚፈራው ነገር ግን ትክክለኛው አይደለም። ብዙ ሰው የሚፈራው ጭረት ነው፤ "ኪሴ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ይጋጫል" ይላል። የማዕድን ጥንካሬ የሚለካበት ሞስ የሚባል መለኪያ አለ፤ ከ1 እስከ 10። ሳንቲምና የናስ ቁልፍ 3 እና 4 አካባቢ ናቸው፤ ተራ መስታወት 5 ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ሳንቲም መስታወት አይጭርም። የሚጭረው አሸዋ ነው፤ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው። ደህና። አፕል ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው አይፎን 5 ጀምሮ የካሜራውን መሸፈኛ የምሠራው ከሳፋየር ነው ይላል፤ ሳፋየር ደግሞ 9 ነው። አይፎን ይዞ የካሜራ ግላስ የሚያስለጥፍ ሰው እንግዲህ ብረት በር ፊት ካርቶን በር እያቆመ ነው። (ነቀምቴ ውስጥ ግላሱን በብዛት የሚያስለጥፈው ማን እንደሆነ ብትጠይቁ አይፎን የያዘው ነው የምትባሉት።) ርካሽ ስልኮች ላይ ያለው መሸፈኛ ሳፋየር አይደለም፤ መስታወት ነው፤ አሸዋ ሊጭረው ይችላል። ግን ጭረት ራሱ እንደሚወራበት አይደለም። ሌንስ ፊት ላይ ያለች ቀጭን ጭረት ለካሜራው እጅግ ቅርብ ስለሆነች ትኩረት ውስጥ አትገባም፤ አብዛኛው ፎቶ ላይ ጨርሶ አትታይም። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ብቻ ትረብሻለች። ጭረት እንዳይመጣ የተለጠፈው ግላስ ግን ብርሃን ፊት ለፊት በመጣ ቁጥር የሚረብሸው ዛሬውኑ ነው።

መውደቅ ሌላ ነው። ስልክ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሳፋየርም ይሰነጠቃል፤ ጠንካራ መሆንና አለመሰንጠቅ ለየቅል ናቸው። ለመውደቅ የሚበጀው ግን ካሜራው ዙሪያ ጠርዙ ከፍ ያለ ካቨር ነው። ስልኩ በጀርባው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሌንሱ ጠረጴዛውን የማይነካ ከሆነ ካቨሩ ሥራውን ሠርቷል። በብርሃኑ መንገድ ላይም አይቆምም። የድንጋይ ካባ ላይ የሚሠራ፣ አሸዋ የሚጭን፣ ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ የሚውል ሰው ግላስ ቢያስለጥፍ አንፈርድበትም፤ ለእሱ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ሌንስ ለብቻው የሆነውንና ፍላሹን የማይነካውን እንመርጥለታለን። የተቀረነው ግን፣ ቢሮና ካፌ የምንውለው፣ ከምን እየተከላከልን እንደሆነ ብንጠየቅ መልስ የለንም። የካሜራው መሸፈኛ መስታወት ቢሰበር እንኳ ደህና የሞባይል ጠጋኝ አሙቆ አንስቶ ይቀይረዋል፤ ዕቃው ከመርካቶ ይመጣል፤ ይዘገያል፣ ያስወጣል፣ ግን ይመጣል። ጉም የለበሰችው አኮ ከመርካቶ አትመጣም።

"ኧረ ለአንድ ፎቶ ይሄን ያህል!" የምትሉ ትኖራላችሁ። ወለጋ ውስጥ ፎቶ ምን እንደሆነ ታዲያ እንንገራችሁ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማብቂያ ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በብዙ ወረዳዎች ስልክም ጭምር። በዚያ ውስጥ ጥር አለ፤ ጥር የሠርግ ወር ነው። ሠርጉ ቀረ? አልቀረም። ፎቶው ግን ለሩቅ ዘመድ አልደረሰም። በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ፣ ሚሞሪ ካርድ በወረቀት ተጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ኪስ እየተጓዘ ነው ሚኒያፖሊስ ያለች እህት የወንድሟን ሠርግ ያየችው፤ ያውም መጋቢት አልፎ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ከየገጠሩ ቤቱን ጥሎ ወደ ከተማ የመጣው ሰው ብዙ ነው። በድንገት ከቤት የሚወጣ ሰው ግድግዳ ላይ ያለ ፍሬም አያወርድም፤ አልበም ከሳጥን አይፈልግም። ስልኩ ግን ኪሱ ውስጥ ነው። ነቀምቴ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት እናት የተቃጠለውን ቤቷን፣ የሞተውን ባሏን፣ የበፊቱን የቡና ማሳዋን ያሳየችን ከአንዲት ትንሽ ስልክ ላይ ነው። አንዱን ፎቶ በሁለት ጣቷ ልታሰፋው ሞከረች፤ የባሏን ፊት ልታሳየን ፈልጋ። በሰፋ ቁጥር ፊቱ እየጠፋ ሄደ። ተወችው። እኛ ስልኩን ገልብጠን ጀርባውን አላየንም፤ ያንን ማየት በዚያ ሰዓት የሚደረግ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር እግረ መንገዳችንን፦ ጥሩ ሆኖ የተነሳውንም ፎቶ መንገድ ላይ የሚያበላሸው አለ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ "ፋይል" ተብሎ ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። የአኮን ፎቶ ከባጃጅ ሹፌሩ የተቀበልነው በፋይል ነው፤ ማተሚያ ቤት የደረሰውም እንደዚያው ሆኖ ነው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ስለነበር አርባ ደቂቃ ፈጅቷል። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌዎች "ገና ነው?" እያሉ ሁለት ጊዜ ልከውብናል።

አሁን ግላሱን መንቀል የምትፈልጉ ካላችሁ አትቸኩሉ። አንድ ወጥ የሆነው በስሱ ሙጫ የተያዘ ስለሆነ ስልኩን ለጥቂት ጊዜ በእጃችሁ መሐል አሙቃችሁ ከአንዱ ጥግ በጥፍር ወይም በስስ ካርድ ቀስ ብላችሁ ብታነሱት ይለቃል። ቢላ አታስጠጉ። ቀለበቶቹ ግን ይጠነክራሉ፤ በጉልበት ሲጎተቱ የስልኩን የራሱን የሌንስ ቀለበት ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። እሱን ሞባይል ቤት አስነቅሉት፤ ልጁ ቢገረምባችሁም ያደርገዋል። የቀረውን ሙጫ ጥጥ ላይ በተነካካ ጥቂት አልኮል አብሱት፤ ስልኩ ላይ አታፍስሱ። ከዚያ ማታ ውጡና አንድ የመንገድ መብራት አንሱ። ስንት እንደሆነ ቁጠሩ።

ከሦስታችን ሁለታችን ነቅለናል። ሦስተኛዋ ድንጋይ ያለበትን ቀለበቷን እንደያዘች ናት። "ያምራል" ነው መልሷ፤ ልክ ነች፣ ያምራል። ማታ ማታ ፎቶ ማንሳት ስትፈልግ የእኛን ስልክ ትለምናለች።